የእማዬን ቀይ ሊሾ ሁለቴ ቀባሁት

ደብረ ማርቆስ ባለው የእናቴ ቤት፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አንድ የሲሚንቶ መደብ አለ። አሁን አሁን ሰው ካውንተር የሚለው ነው። የእጅ መታጠቢያው ሲንክ መሐሉ ላይ ተቀምጧል፣ ግራና ቀኙ ላይ ደግሞ ሳሙናው፣ የጥርስ ቡሩሹ፣ ጆጉ፣ የእማዬ የፀጉር ቅቤ ይደረደራሉ። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 55 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀይ ሊሾ ነበር፣ ቀይ ቀለም ተቀላቅሎበት የተለሰነ ሲሚንቶ ማለት ነው። ቤቱ በ1980ዎቹ ሲሠራ ቀይ ሊሾ የወግ ነገር ነበር፤ ሳሎኑም በረንዳውም እሱ ነው። ግን ይሄን ሁሉ ዓመት ውሃ ሲንጠባጠብበት፣ ጀሪካን ሲጎተትበት፣ በረኪና ሲፈስበት ኖሮ ቦታ ቦታው ነጥቷል፣ ጠርዙ ተሸራርፏል፣ የቧንቧው ሥር ደግሞ አረንጓዴ ሆኗል። ሁልጊዜ እናጥበዋለን፣ ሁልጊዜ ቆሻሻ ይመስላል።

ግራናይት ማስገባት አስበን ነበር። ዋጋውን ስንሰማ ተውነው። ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ አሮጌውን ማፍረስ፣ ሲንኩን ማንሳት፣ ቧንቧውን መነካካት፣ ሠራተኛ መቅጠር አለ። ስለዚህ ቀለም ልቀባው አልኩ። ቀባሁት፣ ተበላሸ። በሚቀጥለው ዓመት ፍቄው እንደ አዲስ ቀባሁት፣ አሁን ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፣ አልተላጠም። መጀመሪያ ምን እንዳጠፋሁና በኋላ ምን እንዳደረግሁ ሳልደብቅ ልጻፈው፣ ምክንያቱም እዚህ ጎጃም ውስጥ እንደኛ ያለ የሲሚንቶ መደብ ያለው ቤት ብዙ ነው፣ ሱቅ ስትሄዱ ግን ለዚህ የሚሆነውን ቀለም ጠይቆ የሚያስረዳችሁ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

የመጀመሪያው ጳጉሜ ላይ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ይመር ብዬ። ዝናቡ ገና አልቆመም፣ ግድግዳው ሁሉ ያላበዋል፣ እኔ ደግሞ አምስት ቀን ነው ያለኝ። የተሸራረፈውን ጠርዝ በሲሚንቶ ለቀለቅሁት፣ አምስተኛው ቀን ላይ ለበርና ለመስኮት የሚሆነውን ነጭ የዘይት ቀለም ገዝቼ በቡሩሽ ሁለት እጅ ቀባሁት። በማግስቱ ሲታይ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ። ጎረቤት መጥቶ አየው። እማዬ ብቻ ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳርፋ «ልጄ፣ ይሄ እኮ አልደረቀም፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችኝ። ይደርቃል አልኳት።

ኅዳር ላይ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ሳሙና የምናስቀምጥበት አካባቢ ቀለሙ ፊኛ ሠርቶ ተነሳ። በጥፍሬ ጫፉን ያዝ ሳደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላቆ መጣ፣ መዳፍ የሚያህል ሆኖ። ከሥሩ ያለው ቀይ ሊሾ ንፁህ ነው፣ አንድ ነጠብጣብ ነጭ እንኳን አልያዘም። ቀለሙ ከመጀመሪያውም አልያዘም ማለት ነው። ሁለተኛው የባሰ ነበር። በአዲስ ሲሚንቶ የለቀለቅሁት ጠርዝ ላይ ቀለሙ አልተላጠም፣ ግን ሦስት ወር ሙሉ አልደረቀም። ይጣበቃል። ጣት ስታሳርፉበት የጣት አሻራ ይቀራል፣ ውሃ ሲነካው ደግሞ ያንሸራትታል።

ማርቆስ ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀለም ሲቀቡ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ወስጄ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ፈተግ አደረጉትና አሸተቱት። «ልጄ፣ ይሄ ሳሙና ሆኗል» አሉኝ። የምራቸውን ነው። «ገጠር ሳሙና ሲሠሩ አይተሽ አታውቂም? ሞራና ሶዳ ነው። የዘይት ቀለም ዘይት ነው፣ አዲስ ሲሚንቶ ደግሞ እንደ ሶዳው ነው። እርጥበት ሲጨመርበት ሁለቱ ተበላሉ።»

በኋላ ሳነብ ነገሩ ልክ እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት። አዲስ ሲሚንቶ ኃይለኛ አልካላይን ነው፣ የዘይት ቀለም ደግሞ የሚያያይዘው ዘይት ነው፣ አልካላይን ዘይትን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ለዚህ ነው አዲስ ሲሚንቶ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው ቀለም አይነካውም የሚባለው፣ ከሞላውም በኋላ በቀጥታ የዘይት ቀለም አይቀባም የሚባለው። እኔ አምስት ቀን ነበር የሰጠሁት። ሳሙናው አጠገብ እንደ ልጣጭ የተነሳው ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበረው። እማዬ ያንን ሊሾ ለዓመታት በወለል ሰም ስትወለውለው ኖራለች። በዚያ ላይ ቅቤ አለ። ፀጉሯን ቅቤ ስትቀባ ብርጭቆው እዚያው ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ይንጠባጠባል፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ግን ሲሚንቶው ውስጥ ይገባል። ሰምና ቅቤ ላይ የሚይዝ ቀለም የለም። እኔ በውሃና በላርጎ አጥቤ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌውን «ታዲያ ምን ልቀባው ጋሼ?» አልኳቸው። «ሁለት ጣሳ ያለውን» አሉኝ። ኢፖክሲ ማለታቸው ነው። ሁለት ጣሳ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ቀለሙ፣ አንዱ ማጠንከሪያው፣ ሱቅ ውስጥ ሀርድነር የሚሉት። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው የሚጠነክረው፤ እንደ ተራ ቀለም በአየር ደርቆ ሳይሆን እርስ በርሱ ተያይዞ ነው። ሲሚንቶው አይበላውም፣ ከላይ የሚፈስ ውሃ አያስነሳውም። «ግን አሁን አይሆንም፣ ብርድ ነው። መጋቢት ይሁን» አሉኝ።

ይሄን ቃላቸውን ነው ከሁሉም በላይ የማመሰግነው። ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የሌሊት ብርዷን የሚያውቅ ያውቃል። ኢፖክሲ ደግሞ ብርድ አይወድም። አብዛኞቹ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሆን መጠንከሩን ያቆማሉ ወይም በጣም ያዘግማሉ። ጣሳው ላይ «በማግስቱ ይደርቃል» ብሎ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ 20 እና 25 ዲግሪ ላይ ለሚሠራ ሰው ነው። ወንድሜ ባሕር ዳር ነው ያለው፤ እሷ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሙቀቷም ሌላ ነው። ያንኑ ቀለም ገዝቶ የራሱን ቤት መደብ ቀባ፣ በማግስቱ ጠዋት ደርቆለት ደወለልኝ። የኔው ሁለት ቀን ፈጀ። ስለዚህ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ማርቆስ ያላችሁ ሰዎች የባሕር ዳር ሰው የነገራችሁን ሰዓት እጥፍ አድርጋችሁ አስቡት። ክረምት ላይ ደግሞ ባትሞክሩት ይሻላል። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ያታልላል፣ ሌሊቱ ግን ይጠብሳል። ለኛ ጥሩው ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ነው።

የካቲት ላይ ጀመርኩ። ከሁሉም ረጅሙ ሥራ ማንሳትና ማፅዳት ነበር፣ ስድስት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ቅቡ ግን በጠቅላላው ሦስት ሰዓት አይሞላም።

አሮጌውን ቀለም በስፓቱላ ፋቅሁት። ያልተነሳውን በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በ80 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ120። ወረቀቱን ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ነው የፈተግሁት፣ አቧራው እንዳይነሳ። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ቤታችሁ አሮጌ ከሆነና ከሥር ያለው ቀለም መቼ እንደተቀባ ካላወቃችሁ በደረቁ አትፈትጉት። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖረው ይችላል፣ ለልጆች አእምሮ መርዝ ነው። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ ያወጣችው በ2010 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የተቀባን ነገር በጥርጣሬ ማየት ነው። ውሃ ነክራችሁ ፈትጉ፣ ጭቃውን በጨርቅ ሰብስባችሁ ጨርቁን ጣሉት፣ ልጆች እዚያ እንዳይገቡ አድርጉ።

ሲንኩ ዙሪያ የነበረውን አሮጌ ሲሊኮን በምላጭ ቆርጬ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ሲሊኮን ላይ ምንም ቀለም አይዝም፣ ትንሽ ቅሪት እንኳን ካለ ቀለሙ ከሱ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል።

ከዚያ ቅባቱ መጣ። በሙቅ ውሃና በኦሞ ሁለት ጊዜ በብሩሽ ፈትጌ በብዙ ውሃ አለቀለቅሁት። ሲደርቅ ደግሞ በቲነር፣ ማለትም በቀለም ማቅጠኛ፣ በተነከረ ነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ጨርቁ ነጭ መሆኑ ይጠቅማል፣ የሚወጣውን ታያላችሁ። የመጀመሪያው ጨርቅ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። የስንት ዓመት ሰም ነው። አንድ ጨርቅ ቆሽሾ በዚያው መጥረግ ከቀጠላችሁ ቅባቱን ከዚህ ወደዚያ ማመላለስ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ጎረቤታችን ነጭ ጋዝ ይሻላል ብላኝ ነበር። ነጭ ጋዝ ሰም ያነሳል፣ ግን ራሱ ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ የመጨረሻው መጥረጊያ መሆን የለበትም።

መጥራቱን የማውቀው በአንድ ጠብታ ውሃ ነው። ጣቴን ነክሬ አንድ ጠብታ እጥላለሁ። ጠብታው እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ቅባት አለ። ተንጣሎ ሲሚንቶው ውስጥ ከሰረገ ጠርቷል። መደቡን ሁሉ እንዲህ ጠብታ በጠብታ ዞርኩት። ቅቤው ይቀመጥበት የነበረው ቀኝ ጥግ ላይ አራት ጊዜ ነው የደገምኩት። አራተኛው ላይ ጠብታዋ ዝርግ ብላ ስትጠፋ ያየሁት ደስታ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ቀጥሎ እርጥበቱን መፈተን ነው። ሽማግሌው ያስተማሩኝ ነው። ፌስታል ቀዳችሁ መደቡ ላይ ትዘረጋላችሁ፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ታሽጋላችሁ፣ 24 ሰዓት ትተዉታላችሁ። ሲነሳ ከሥሩ ላብ ካለ ሲሚንቶው ውስጥ ውሃ አለ ማለት ነው። ሁለት ቦታ አደረግሁ። በግራ በኩል ደረቅ ሆነ። ቧንቧው ሥር ያለው ግን የፌስታሉ ውስጡ ጤዛ የመታው ሣር መስሎ ተነሳ። ለካ ቧንቧው ከሥር ያንጠባጥብ ነበር፣ አረንጓዴው ነገር የመጣው ከዚያ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን ጎሚኒው ተቀየረ። አራት ቀን ካደረቅሁት በኋላ እንደገና ፌስታል አደረግሁበት፣ ደረቅ። ያንን ሳላይ ብቀባው ኖሮ ውሃው ከሥር ገፍቶ ያነሳው ነበር። ቀለም ከላይ የሚመጣን ውሃ እንጂ ከሥር የሚመጣን አይችልም።

የተቦረቦሩትን ቦታዎች አብሮ በመጣው ሁለት ክፍል ባለው መሙያ ሞላኋቸው። ለግድግዳ የምንጠቀምበት ተራ ስቱኮ እዚህ አይሆንም፣ ውሃ ሲያገኘው ይቦካል። ሲጠነክር በ120 አለሰለስኩት፣ አቧራውን ጠረግሁ፣ ሲንኩንና ግድግዳውን በወረቀት ፕላስተር አሸግሁ።

አሁን ወደ ቅቡ። ቀኑን የመረጥኩት ሁለት ተከታታይ ፀሐያማ ቀን ሲሆን ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ ረፋድ 4 ሰዓት። ቤቱ ሞቅ ካለ በኋላ፣ ማታ ብርዱ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ሰዓት እንዲያገኝ።

የኔው ቀለም ልኬቱ 4 ለ 1 ነበር፣ አራት እጅ ቀለም፣ አንድ እጅ ማጠንከሪያ። የናንተው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ጣሳው ላይ ያለውን ነው መያዝ። በዓይን ግምት አትለኩት። ማጠንከሪያ ሲበዛ ቶሎ ይጠነክራል ብሎ የሚጨምር ሰው አለ፣ እንዲህ አይደለም፤ የበዛው ተጓዳኝ ስለሌለው ቀለሙ ለዘላለም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። እኔ ከፋርማሲ ትልቅ ሲሪንጅ ገዝቼ ነው የለካሁት። ለአንድ እጅ ቅብ 120 ሚሊ ሊትር ቀለምና 30 ሚሊ ሊትር ማጠንከሪያ ይበቃኛል፣ መደቡ ከነግንባሩ አንድ ካሬ ሜትር እንኳን አይሞላም። ግማሹን የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ በእንጨት አምስት ደቂቃ ያህል አማሰልኩት፣ ጎኑንና ሥሩን እየፋቅሁ። ከዚያ ወዲያው ወደ ሰፊ ሰሐን ገለበጥኩት። ይሄ ምስጢር ነው። ኢፖክሲ ሲጠነክር ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ከተከማቸ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይፈላና ሳትቀቡት ድንጋይ ይሆናል። ሰፊ ሰሐን ላይ ሲዘረጋ ጊዜ ይሰጣችኋል። ወንድሜ ባሕር ዳር ላይ ጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ ትቶት ስልክ ሲያወራ ጠርሙሱ ተኮማትሮ አገኘው።

ጓንት አድርጉ። ማጠንከሪያው ቆዳ ያስቆጣል፣ አንዴ ከተቆጣ ደግሞ በሌላ ጊዜ በትንሹም ይነሳል። እኔ የመጀመሪያውን ቀን አጭር ጓንት አድርጌ የእጄ አንጓ ላይ ሽፍታ ወጣብኝ፣ ሳምንት አከከኝ። መስኮቱም በሩም ክፍት ይሁን።

ስለ ከሰል አንድ ነገር ልበል። ቤቱ ቀዝቀዝ ሲል እማዬ ለኔ አስባ የከሰል ምድጃ አቀጣጥላ ልታስገባልኝ ነበር። በፍፁም። ቲነሩ በአየር ላይ ያለ እሳት ነው፣ ከአንድ ብልጭታ ጋር ቤት ያቃጥላል። እሱ ባይኖር እንኳን በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ሰው እንደተኛ ይወስዳል፣ ሽታ እንኳን የለውም። በየክረምቱ የምንሰማው ነው። ብርድ ከሆነ አትቀቡ፣ ሌላ ቀን ይሁን። እባካችሁ።

የመጀመሪያውን እጅ ከራሱ ቲነር ትንሽ፣ አንድ አሥረኛ ያህል አቀጥኜ በቡሩሽ ቀባሁት፣ ሲሚንቶው ውስጥ እንዲሰርግ። ሁለተኛውን ሳላቀጥን በትንሽዬ የስፖንጅ ሩሎ። ሩሎውን ቀስ ብሎ መንዳት ነው፣ ከተፈጠነ አረፋ ይሠራል። መጨረሻ ላይ ሳትጫኑ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አንድ ጊዜ ስባችሁ ታወጡታላችሁ፣ ከዚያ እጅን መሰብሰብ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትንሽ ጉድለት አይቶ ተመልሶ ይነካካዋል፣ ያን ጊዜ ነው የሚበላሸው። ራሱ ተዘርግቶ ይስተካከላል፣ ተዉት።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ክው አልኩ። ላዩ ላይ ደብዘዝ ያለ ነጭ ነገር ሸፍኖታል፣ ስዳብሰው ቅቤ የነካ እጅ የዳበሰው ይመስላል። እንደ አምናው ተበላሸ ብዬ ሽማግሌውን ደወልኩላቸው። «አይዞሽ፣ ብርድ መትቶት ነው። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና እጠቢው፣ በቲነር እንዳትነኪው» አሉኝ። እውነትም በለብ ያለ ውሃ በስፖንጅ ሳጥበው ለቀቀ፣ ከሥሩ ያለው ደህና ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝና አየሩ እርጥበት ሲኖረው ማጠንከሪያው ወደ ላይ ወጥቶ የሚሠራው ነገር ነው፣ በውሃ ይሟሟል። ግን ሳይታጠብ ሁለተኛው እጅ ከተቀባበት፣ የላይኛው ቅብ ያንን ቅባት ነው የሚይዘው፣ ይላጣል። ስለዚህ በያንዳንዱ እጅ መሐል በዳበሳ አረጋግጡ። ታጥቦ ሲደርቅ በ220 ወረቀት ቀለል አድርጌ ፈተግሁት፣ አቧራውን ጠረግሁ፣ ቀጠልኩ።

ስለ ቀለሙ ዓይነት። ነጭ አልቀባሁም በዚህኛው ዙር። ኢፖክሲ ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይላል፣ ነጭ ላይ ደግሞ ወዲያው ይታያል፣ መስኮታችን ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው። ነጣ ያለ ግራጫ መረጥኩ። ሁለተኛው እጅ ሲደርቅ ደግሞ ከዚያው ቀለም ትንሽ ትንሽ ጠቆር ያለና ነጭ ቀላቅዬ፣ የተቀደደ የገላ ስፖንጅ በጫፉ እየነከርኩ፣ መጀመሪያ ጋዜጣ ላይ እየመታሁ ካራገፍኩት በኋላ መደቡ ላይ ነካ ነካ አደረግሁት። ስፖንጁን በያንዳንዱ ንክኪ አዙሩት፣ አለበለዚያ አንድ ዓይነት ማህተም ይሆናል። ግራናይት ይመስላል አልልም፣ ግን ድንጋይ ይመስላል። ጀሪካን ሲጭረውም ጭረቱ በነጠብጣቡ መሐል ይጠፋል፣ አንድ ቀለም ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሩቅ ይታይ ነበር። ከላዩ እንደ መስታወት ግልጽ የሆነ ሁለት ክፍል ያለው የፖሊዩሪቴን ቫርኒሽ ሁለት እጅ ቀባሁ፣ ፀሐዩን ከኢፖክሲው በተሻለ ይችላል።

ከዚያ መጠበቅ። ሲነካ የማይጣበቅ መሆኑ ጠነከረ ማለት አይደለም። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በሰባት ቀን አካባቢ ነው፣ እኔ በኛ ብርድ አሥር ቀን ሰጠሁት። አሥር ቀን ሙሉ እጃችንን በረንዳ ላይ በሳፋና በጆግ ታጠብን። እማዬ አጉረመረመች፣ ግን መታጠቢያ ቤቱን በር በገመድ አስራ የጠበቀችልኝ ራሷ ናት። አሥረኛው ቀን ሲያልፍ ሲንኩ ዙሪያ አዲስ ሲሊኮን አደረግሁ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ዓይነት፣ አንድ ቀን ውሃ ሳይነካው እንዲያድር አደረግሁ። ሚያዝያ ላይ የእማዬ ማኅበር ተራ ደርሶ ሰው ቤቱ ሲሞላ መደቡ ዝግጁ ነበር። አንዷ እናት እጇን ታጥባ ወጥታ «ድንጋይ አስገባችሁ እንዴ?» አለች። እማዬ «ልጄ ናት የሠራችው» ስትል ኩሽና ሆኜ ሰማኋት።

የሌላ ዓይነት መደብ ያላችሁ ሰዎችም ትጠይቁኛላችሁ። ፎርማይካ ከሆነ የሚያብረቀርቀውን ላዩን በ220 አደብዝዛችሁ፣ ለስላሳ ነገር ላይ የሚይዝ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ) ቀብታችሁ መቀጠል ይቻላል። ግን ከሥሩ ያለው ቺፕውድ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ ቀለም አያድነውም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። እምነበረድ ወይም ቴራዞ ከሆነ ግን እለምናችኋለሁ፣ ቀለም አትቀቡት። የሚያፀዳና የሚያለሰልስ ባለሙያ ፈልጉለት፣ ከሥሩ ያለው ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል። እምነበረድን በሎሚና በኮምጣጤ የሚያፀዳም ሰው አይቻለሁ፣ አሲድ ድንጋዩን ይበላዋል፣ ማብረቅረቁ በቀላሉ አይመለስም። እማዬ ደግሞ የኩሽናውንም ቅቢልኝ ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። እዚያ ቢላዋ አለ፣ ከእሳት የወረደ ድስት አለ፣ ይሄ ቀለም ያንን አይችልም።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ለስላሳ ስፖንጅና ላርጎ ብቻ፤ ሽቦና የሚቦረብር ዱቄት አይነካውም። ጀሪካን ከመቀመጡ በፊት ከሥሩ የቆየ ፎጣ አነጥፈናል። የቅቤው ብርጭቆ ትንሽ ሰሐን ላይ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ ሻማ በቀጥታ እላዩ ላይ ማቆም ከልክለናል፤ አንድ ማታ የእህቴ ልጅ አቁሞት ሻማው እስከ ሥሩ ነዶ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ቡናማ ክብ ትቷል።

ያችን ክብ እስካሁን አልነካኋትም። የተረፈው ቀለምና ማጠንከሪያ ሳይቀላቀሉ፣ ክዳናቸው በደንብ ተዘግቶ፣ አልጋ ሥር በደረቅ ቦታ ተቀምጠዋል። መጋቢት ሲመጣ የተቃጠለውን ፍቄ፣ በሲሪንጅ 4 ሚሊ ሊትር ቀለምና 1 ሚሊ ሊትር ማጠንከሪያ ለክቼ በስፖንጅ ነካ ነካ አደርጋታለሁ።